ያልተሰረቀው ሹራብ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሐናን ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መዋኛ ገንዳ ወሰድኳት። የልብስ ማስቀመጫ ሳጥኖቹ ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቷል አሉን፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት እንደማይወስዱ የሚገልጽ ማስታወቂያ፣ ገንዳውን በሙሉ ሊያቀላ በሚችል ቀይ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። ልጄ ምንም አልመሰላትም። ስልኳን ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው፣ ካልሲውን ጠቅልላ ወደ ጫማዋ አፍንጫ ገፋችው፣ ሁለተኛውን ካልሲ ማንም ሊነካው በማይፈልግ ሁኔታ አዝረክርካ ከላይ ጣል አደረገችበት፤ ከዚያ ግራ ቀኙን እንደ ሰላይ ቃኝታ እየሳቀች ወደ ውሃው ሮጠች። ማንም አላስተማራትም። እኔ በሣቅ ልፈነዳ ነበር፤ ግን የካልሲና የጫማ ሽታ ከውሃው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ እላዬ ላይ እየወረደ ጀርባዬ ቀዘቀዘ። ልክ እንዲህ አድርጎ፣ ዕቃውን ደብቆ፣ ልክ እንዲህ እየሳቀ ወደ ውሃ የሚሮጥ አንድ ልጅ አውቅ ነበር።

እኛ የላፍቶ ልጆች የባሕር ዳርቻ ነበረን ብል የሚያምነኝ የለም፤ ነበረን ግን። ከቤታችን ቁልቁል ወርዶ ወንዙ እንደ ክርን የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ አሸዋ አውጪዎች ቆፍረው ቆፍረው የተዉት ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ጉድጓዱን በውሃ ይሞላና ዳሩ ላይ ሦስት አልጋ የምታህል አሸዋ ትቶልን ይሄዳል። ከመካከላችን የአንዱ አባት ወታደር ሆኖ ምጽዋ ኖሮ ስለነበር፣ ሰዎች እዚያ አሸዋ ላይ ተጋድመው ፀሐይ እንደሚሞቁ፣ ያለ ሥራ ዝም ብለው እንደሚተኙ ይነግረን ነበር፤ እኛም ያለ ሥራ መተኛት ስለምንወድ ቦታውን «ምጽዋ» ብለን ሰየምነው። ለሌላ ሠፈር ልጆች መርከብ የሚያሰምጥ ጥልቀት እንዳለው እንነግራቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ረዘም ያለ ልጅ ሲቆምበት አገጩ ጋ ይደርሳል። ውሃው ያኔ የእርጥብ አፈርና የቀጤማ ሽታ ነበረው፤ ከታች እግራችንን የሚልሱ ትናንሽ ዓሦች ነበሩት፤ አንዴ እኔ የያዝኩት ዓሣ ክንዴን ያህል ነበር፤ ክንዴ ያኔ ምን ያህል እንደነበር አትጠይቁኝ።

በወዲህኛው በኩል ወደ ሠፈር የሚያወጣው ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር አንድ ጎባጣ ግራር። በወዲያኛው በኩል፣ ክርኑን ዞር እንዳሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተጫነ ጥቁር ድንጋይና በሥሩ ብዙ ቀዳዳና ሥርጓጉጥ ያለበት ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ይህን ቦታ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ያን ጊዜ ልብስ ማለት ልብስ ነበር። አንዱን ለብሰን ሌላው ታጥቦ የሚሰጣ ከሆነ ሀብታም ነን ማለት ነው። ልብሱን በወንዝ ያስወሰደ ወይም ያስሰረቀ ልጅ የጉሎ ቅጠል ከፊትና ከኋላ ይዞ በሰው ሁሉ ፊት አቀበቱን ይወጣል፤ ያ ግን ትንሹ ቅጣት ነው። ትልቁ ቤት ነው የሚጠብቀው። የእናቴ ጥፊ ሲያርፍ ድምፁ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ይሰማ ስለነበር እዚያ ያሉ ሰዎች ደወል መስሏቸው ያማትቡ ነበር። ስለዚህ ምጽዋ ስንወርድ መጀመሪያ የምናስበው ስለ መዋኘት ሳይሆን ስለ ልብሳችን ነበር። ምክንያቱም ሌባ ነበረን፤ የራሳችን፣ የታወቀ ሌባ።

ኦቦ ጉታ ይባላሉ። የእኛ ወላጆች ከጎጃሙም ከወሎውም ከመንዙም ተሰባስበው ላፍቶ ሳይገቡ ገና ዱሮ ቤተሰባቸው እዚያው የሚያርስ፣ ከገደሉ በላይ ጎመንና ቀይ ሥር የሚያለሙ፣ ግራ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ ማጭድ ከእጃቸው የማይለይ ረጅም ሰውዬ ነበሩ። ሰላምታ እንኳን በቁጠባ ነው የሚሰጡት። እኛ ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቅን ሳለ ቀጤማው ይነቃነቃል፤ ጎንበስ ያሉ ጀርባቸው ይታያል፤ የስድስት ልጅ ልብስ በአንድ ክንዳቸው ጠራርገው ይይዙና ገደሉን መውጣት ይጀምራሉ። እኛ ራቁታችንን ዘለን ወጥተን፣ ስድስት ሙሉ ጤነኛ ልጆች፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ አሳደን አንደርስባቸውም፤ እስከ ዛሬ ይህ ነገር ይገርመኛል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ልብሳችን የቀጋ አጥራቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጎመናቸውን እየኮተኮቱ ነው። አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ከዚያ ነው የሚያስፈራው የሚመጣው። ልብሳችንን ከእሾህ እያላቀቅን፣ በሹክሹክታ እየሰደብናቸው ቆመን ሳለ፣ ከላይ በኩል አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ገልባጭ መኪና አንድ ላይ ጠጠር የሚያራግፍ ይመስላል። ወደ ታች ስናይ ምጽዋ የለም። አሸዋችንም፣ ጉድጓዳችንም፣ ቀጤማውም የለም፤ ቡናማ ውሃ ብቻ፣ የተነቀለ ዛፍና የሞተ ውሻ ተሸክሞ እየተገለባበጠ ያልፋል።

አንድ ሰው ነገሩን በደንብ አስቦ ቢሆን ኖሮ። ታላላቆቻችን ድሮ ኦቦ ጉታ ከገደሉ ላይ ሆነው «ውጡ» እያሉ ይጮኹ እንደነበር፣ እነሱም አነጋገራቸውን እየቀዱ መልሰው ይጮኹባቸው እንደነበር፣ ከዚያ ሽማግሌው መጮኹን ትተው መስረቅ እንደጀመሩ እየሳቁ ያወሩልን ነበር። እኛ ግን የራሳችን ፈላስፋ ነበረን። ደረጀ ይባላል፤ «ካዝና» እያልን ነው የምንጠራው፣ እሱ የደበቀውን ነገር እሱ ራሱ ካላወጣው ማንም ስለማያገኘው። ደረጀ አጥሩ ሥር ቆሞ፣ ደራሹን ውሃ እያየ፣ አንድ ቀን እንዲህ አለን፦

«አይታችኋል አይደል? ሲሰርቅ ነው የሚመጣው። ልብሱን እየወሰደ ውሃውን የሚጠራው እሱ ነው። ካልሰረቀ አይመጣም።»

ማንም አልተከራከረም። እንዲያውም ሁሉም ነገር ተገጣጠመልን፤ የእግራቸው መጎተት፣ ዝምታቸው፣ ማጭዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብሳችንን የምንጠብቀው ከእናቶቻችን ጥፊ ለመዳን ብቻ አልነበረም። ልብሳችን ካልተሰረቀ ጎርፍ አይመጣም። አገር የምንጠብቅ ያህል ነበር የሚሰማን።

ያልሞከርነው ዘዴ የለም። ዘበኛ መደብን፤ ዘበኛው ፀሐይ ሲበዛበት መጥቶ ይነከራል። ልብሳችን ላይ ድንጋይ ጫንንበት፤ ኦቦ ጉታ ድንጋዩን እንደ ድንች አነሱት። ላዩ ላይ እበት ቀባንበት፤ እሳቸው ከእበት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፣ የተጎዳነው እኛ ነን፣ ሳምንቱን ሙሉ በረት በረት ስንሸት ከረምን። በመጨረሻ ሰንሰለቱን ፈጠርን። የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ከሌላው ሱሪ እግር ጋር፣ የዚያን ሱሪ ከሌላው ካናቴራ ጋር እያያዝን እንቋጥርና ጎባጣው ግራር ላይ ጠምጥመን እናስረዋለን፤ ከዚያ ቋጠሮው ላይ ሁሉ ውሃ እናፈስበታለን፣ እንዲጠብቅ። እንኳን ሽማግሌ በሬም አይፈታውም። እኛም ራሳችን ስንፈታው ይመሽብናል፤ ከቋጠሮው የወጣ ሸሚዝ ላም አኝካ የተፋችው ነበር የሚመስለው።

ደረጀ ብቻ ሰንሰለቱ ውስጥ አልገባም። ምክንያት ነበረው። እናቱ እትዬ አስካለ ሹራብ እየሠሩ ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ ለልጃቸው ግን ክር መግዣ ስላልነበራቸው የራሳቸውን ቀይ ሹራብ ፈትተው ነው የሠሩለት፤ ቀዩ ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አልቆባቸው በቢጫ ጨረሱት። በዚያ ክረምት መጀመሪያ ኦቦ ጉታ ያንን ሹራብ ከእኛ ልብስ ጋር አጥራቸው ላይ ሰቀሉት፤ ደረጀ ሲመዘው የቀጋው እሾህ እጅጌውን ተረተረው። እትዬ አስካለ አልተቆጡም፤ ሹራቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እንደገና መፍታት ጀመሩ። ደረጀ ቢመቱት ይሻለው ነበር። በዚያው ማለ፤ ያንን ሹራብ ከእንግዲህ የሰው እጅ አይነካውም።

ስለዚህ ምጽዋ እንደደረስን እሱ ክርኑን ይዞር ነበር፣ ወደ ጥቁሮቹ ድንጋዮች። ሲመለስ ራቁቱን ነው፣ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ተከትለነው እናውቃለን፤ ስንከተለው አንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስክንሰለች ይጠብቀናል። እሱ እየዋኘ ሳለ ሄደን ፈልገናል፤ እባብ አገኘን እንጂ ሹራብ አላገኘንም። ቢያንስ ለአንዳችን ንገር ብለን ስንለምነው መልሱ አንድ ነበር፦

«ለአንድ ሰው ከነገርኩማ ምኑን ተደበቀ?»

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ስንት ቀን አንገላቶን፣ በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ፀሐይዋ እንደ ተበዳሪ ሰው ቀስ ብላ ብቅ አለች። ላፍቶ ሰማይ ላይ መሀረብ የምታህል ደመና አልነበረችም። ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት ወደ ወጨጫ ተራራ በኩል ግን ሰማዩ የድስት ቂጥ መስሎ ነበር፤ ወጨጫ ሠፈራችን ስላልሆነ አልገደደንም። ሰንሰለታችንን ቋጠርን፣ አጠበቅን፣ ውሃ አፈሰስንበት። ደረጀ ክርኑን ዞሮ ተመለሰ። ገባን። ውሃው ከወትሮው ይልቅ ዝም ያለ ነበር፤ ዓሦቹ እግራችንን አልላሱንም፤ ማዶ ታስራ የምትግጥ ላም ድንገት ቀና ብላ ገመዷን መጎተት ጀመረች፤ እኛም እንደ ላሟ እያጓራን አሾፍንባት።

ቀጤማው ተነቃነቀ። ኦቦ ጉታ በዚያን ቀን ጎንበስ እንኳን አላሉም፤ ቀጥ ብለው፣ እየተንሸራተቱ፣ ግራሩ ጋ ደረሱና ሰንሰለቱን ሳቡት። አልመጣም። ቋጠሮውን በጥፍራቸው ያዙ፤ አልፈታ አለ። እኛ ውሃው ውስጥ ሆነን ሆዳችንን ይዘን መሳቅ ጀመርን። ይሄው ተሸነፈ። ይሄው መስረቅ አልቻለም። ስለዚህ ዛሬ ውሃ አይመጣም፤ ዛሬ እስኪመሽ መዋኘት ነው። ደረጀ በጀርባው ተንሳፍፎ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ኦቦ ጉታ፣ በጥርስዎ ይሞክሩት!»

እውነትም በጥርሳቸው ሞከሩት። ከዚያ ማጭዱን አወጡ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሸሚዝ ይሁን ሱሪ ሳይለዩ ቆረጡት፤ የተበጣጠሰውን ሰንሰለት እየጎተቱ ገደሉን መውጣት ጀመሩ። ሣቃችን በአንድ ጊዜ ደረቀ። የተሰረቀ ልብስ አጥር ላይ ይገኛል፤ የተቆረጠ ልብስ ግን የእናት ጉዳይ ነው። እየተገፋፋን፣ እያለቀስን፣ እየተሳደብን ወጣን። ሁላችንም ወጣን። ደረጀ ብቻ አልወጣም። የሱ ሹራብ ሰንሰለቱ ውስጥ የለም፤ ምን ያስወጣዋል? በጀርባው እንደተንሳፈፈ ሣቁ ከኋላችን ይሰማን ነበር።

ኦቦ ጉታ ከገደሉ አጋማሽ ላይ ዘወር አሉ። አንድ በአንድ አዩን። ልብሳችንን መሬት ላይ ለቀቁትና፣ ከዚያን ቀን በፊት ድምፃቸው ምን እንደሚመስል በቅጡ አላውቅም ነበር፣ ጠየቁን፦

«የዚያ ልጅ ልብስ የታለ?»

አናውቅም አልን። ጥያቄው ራሱ አልገባንም። እሳቸው እየወደቁ እየተነሱ ወደ ታች ተመለሱ፤ ወደ ልጁ ግን አይደለም፣ ልብሱን ፍለጋ ነው። ግራሩን ሥሩን አዩ፣ ቀጤማውን ገለጡ፣ ድንጋይ ገለበጡ፣ በመሀል «ና፣ ውጣ» እያሉ ይጮኻሉ፤ ደረጀም አነጋገራቸውን እየቀዳ መልሶ ይጮኻል፣ ልክ እንደ ታላላቆቻችን።

ድምፁ መጣ። ገልባጭ መኪናዎቹ።

ደረጀ ቆመ። ውሃው ገና አገጩ ጋ ነበር። እኛም ተመልሰን ገደሉ ሥር ወርደን ነበር፤ ከመካከላችን ትልልቆቹ እጃቸውን ዘርግተውለት ነበር፤ ኦቦ ጉታም ማጭዳቸውን ጥለው ደረታቸው ድረስ ገብተው ክንዳቸውን ዘርግተውለታል። ትንሽ ቢራመድ እናገኘው ነበር። መጀመሪያ ወደኛ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ቤት ሳይቆለፍ መውጣቱ ድንገት ትዝ ያለው ሰው ፊት ነበር። ዘወር ብሎ ወደ ክርኑ፣ ወደ ጥቁሮቹ ድንጋዮች መሮጥ ጀመረ። ጠራነው። የሮጠው ለሹራቡ ነው።

ክርኑን ሲዞር ጀርባውን አየነው። ከዚያ ቡናማው ውሃ መጣ፤ እኛ ገደሉን ተንጠላጥለን ስንወጣ ኦቦ ጉታን ግራሩ ላይ ጥሏቸው አለፈ።

ደረጀ በማግስቱ ወደ አቃቂ በኩል ተገኘ። ለቅሶው ላይ እትዬ አስካለ ብዙ አልጮኹም፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ ሹራቡስ? በሁለተኛው ቀን ኦቦ ጉታ አንድ ዓይናቸው አብጦ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና ከድንኳኑ ዳር ቆሙ። ሌባችን ለቅሶ መጣ ብለን እኛ ልጆች ተነቃነቅን። ሽማግሌው ግን ወደ እትዬ አስካለ ሄደው ጎንበስ አሉ፦

«ስጠራቸው ይስቁብኛል። ልብሳቸውን ስወስድ ነው የሚከተሉኝ። የሱን አጣሁት፣ እመቤቴ። የት እንዳደረገው አጣሁት።»

እትዬ አስካለ የሽማግሌውን እጅ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧቸው።

ከዚያ ሠፈሩ በሙሉ ሹራብ ፈላጊ ሆነ። ውሃው ሲጎድል ወንዶቹ ጥቁሮቹን ድንጋዮች በመፈንቅል እያነሱ አዩ፤ እኛ ልጆች ትከሻችን እስኪላጥ ቀዳዳው ውስጥ ክንዳችንን ሰደድን። የለም። ጎርፉ ወስዶታል የሚሉ ነበሩ፤ የደረጀን ችሎታ የምናውቅ ሰዎች ግን ጎርፍም ቢሆን ያገኘዋል ብለን አላመንንም። ምጽዋ ዳግመኛ የወረደ ልጅ የለም። ኦቦ ጉታ ብቻ ይወርዱ ነበር፤ በየክረምቱ፣ ደራሹ ባለፈ ማግስት፣ ያንን እግራቸውን እየጎተቱ በዱላ የድንጋዩን ሥር ሥር ሲወጉ ከላይ ሆነን እናያቸው ነበር። እንደዚያ ሲፈልጉ አረጁ፣ እንደዚያ ሲፈልጉ ሞቱ። የቀጋው አጥር የነበረበት ቦታ ዛሬ ግንቡ ላይ ብርጭቆ የተሰካበት፣ ካሜራ የተተከለበት ቤት ተሠርቶበታል፤ ባለቤቶቹን አላውቃቸውም።

እትዬ አስካለ አሉ። ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ መርፌ ከተዉ ቆይተዋል። እኔ ልጠይቃቸው ስሄድ እንደ ወትሮዬ ገና ከበሩ ቀልድ ጀምሬ ነው የምገባው፤ እሳቸውም ይስቁልኛል። ግን በገባሁ ቁጥር ከፊቴ በፊት የሚያዩት እጄን ነው። አንድ ነገር ይዤ እንደሆነ። ብርቱካን ስይዝላቸው እንኳን ፌስታሉን በዓይናቸው ገልጠው ካዩ በኋላ ነው የሚስሙኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከገንዳው ስንመለስ ሐና ከጫማዋ አውጥታ ስልኳን እየነካካች ነበር። ሁለተኛ ስትደብቂ የት እንዳደረግሽው ለአንድ ሰው ንገሪ፣ ለእኔ ንገሪኝ አልኳት። ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ መለሰችልኝ፦

«ለሰው ከነገርኩትማ ምኑን ተደበቀ፣ አባዬ?»

መሪውን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መኪናውን ዳር አስያዝኩ። የወንዙን ዳር ሊያሳምሩት እየቆፈሩት ነው፤ አንድ ቢጫ ኤክስካቫተር ወደ ክርኑ ገብቶ ድንጋዩን እያነሳ ይከምራል። ውሃው ጥቁር ነው፣ አረፋ ለብሷል፣ የሚሸተው ሳሙናና የሞተ ነገር ነው፤ ዓሣ ቀርቶ ዝንብም አይጠጋውም፤ ዛሬ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ሆኖ ዳሩ ላይ ልብሱን ቢከምር የሚሰርቀው አይኖርም፣ የሚገባበት የለምና። የሚጠራንም፣ ጠርቶ ሲያቅተው የሚሰርቀንም ሰው የለም። ግራሩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ጥቁሮቹ ድንጋዮች ግን ገና በነበሩበት ነበሩ፤ የማሽኑ አካፋ ከሥራቸው ገብቶ አንዱን ቀና ሲያደርገው ከታች፣ ከጭቃው ውስጥ፣ ቀይ ነገር አየሁ።

የመኪናውን በር ሳልዘጋ ወርጄ የድልድዩን ብረት ያዝኩ። ሐና ከኋላዬ ትጠራኛለች።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?»

የእኔ አይደለም አልኳት። አካፋው ወደ ላይ ተነሳ፤ ቀዩ ነገር እየተንጠባጠበ ተከትሎት ወጣ፣ በነፋሱ ተነፋ። ፌስታል ነበር። ሾፌሩ አራገፈውና አካፋውን ወደ ድንጋዮቹ ሥር እንደገና ዝቅ አደረገ፤ እኔም ብረቱን አልለቀቅኩም።